ለምን ጥቂት ዕጣን ጥለው ወደ ልጆቻቸው አልተመለሱም?

ጥያቄ፦ «ስንክሳር ሲነበብ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። ሰማዕታቱ የተጠየቁት ለጣዖት ቁንጥር ዕጣን እንዲጥሉ ብቻ ከሆነ፣ ለምን ጥለው ወደ ልጆቻቸው አልተመለሱም? እግዚአብሔር የልብን ያውቅ የለም ወይ? ሞትን የማይፈሩ ልዩ ፍጡሮች ነበሩ ወይስ እንደኛው ሰዎች? የካዱትስ መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

ምላሽ፦ የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎች በየዓመቱ የሚያነሡት ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ባያነሡት ደግሞ እኔ አነሣዋለሁ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። እንደኛው ሰዎች ነበሩ፤ ይፈሩም ነበር፤ ብዙዎቹም ክደዋል። ያልካዱት የጸኑት በዳኛው ፊት በቆሙባት ሰዓት ድንገት ጀግና ስለሆኑ አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት ለረጅም ጊዜ ተዘጋጅተው ነበር፤ ከታሰሩ በኋላም ብቻቸውን የጣላቸው ሰው አልነበረም። ጽናታቸው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው የሚለውን እንደ አማኝ ከልቤ እቀበላለሁ። ጸጋው በምን መንገድ እንደ ሠራ ግን ከዘመኑ ጽሑፎች መከታተል ይቻላል፤ እስቲ አብረን እንከታተለው።

በቅድሚያ ስለ ስደቱ ስፋት ጥቂት ልበል፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሦስት መቶ ዓመት ያለ ዕረፍት ደም ሲፈስ ነበር የሚለው አነጋገር ከታሪኩ ጋር አይሄድም። እስከ 249 ድረስ ስደቱ የአንድ ከተማ ወይም የአንድ አውራጃ ጉዳይ ነበር፤ ይነሣል፣ ይበርዳል። በሰሜን አፍሪካ የነበረችው የካርቴጅ ከተማ ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡሊያኖስ በ197 እንደ ጻፈው፣ የሮማው ወንዝ ቲቤር ሲሞላ፣ ዓባይ ደግሞ ሞልቶ የግብፅን እርሻ ሳያጠጣ ሲቀር፣ ረኃብ ወይም ቸነፈር ሲገባ ሕዝቡ «ክርስቲያኖቹን ለአንበሳ!» ብሎ ይጮህ ነበር። የቤተ ክርስቲያን መምህር የነበረው ኦሪጀን በ248 ገደማ ሲጽፍ እስከዚያ ድረስ ስለ እምነታቸው የሞቱት በቀላሉ የሚቆጠሩ እንደሆኑ ይናገራል። በመላው ግዛት ላይ ትእዛዝ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ በንጉሠ ነገሥቱ በዳኬዎስ፣ ቀጥሎ በቫሌሪያኖስ፣ በመጨረሻም ከ303 ጀምሮ በዲዮቅልጥያኖስ። የኋለኛው እጅግ ከባድ ስለ ነበር የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ዓመቷን እስከ ዛሬ የምትቆጥረው እርሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው፤ በብራና መጻሕፍታችን «ዓመተ ሰማዕታት» የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ ክርስቲያን ማንም ሳይነካው ኖሮ በአልጋው ላይ ሊሞት ይችል ነበር። ነገር ግን ክርስቲያን መሆን ብቻውን ያስገድል ስለ ነበር፣ ያኮረፈ ጎረቤት በማንኛውም ቀን ሊከሰው ይችላል። ይህን አውቆ ለመጠመቅ የመጣ ሰው የሚመጣበትን አስቦ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ዕጣኑ። በ112 ገደማ በጥቁር ባሕር ዳርቻ የቢታንያ አገረ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን የላከው ደብዳቤ በእጃችን አለ። ክርስቲያን ናቸው ተብለው የቀረቡለትን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ቅጣቱን እየነገረ ጠየቃቸው፤ ከቃላቸው ያልተመለሱትን አስገደለ። ሌላ ጥፋት ባይኖርባቸው እንኳ እልኸኝነታቸው ብቻውን ቅጣት ይገባዋል ብሎ አምኖ ነበር። ወንጀላቸውን ለማወቅ ዲያቆናት የሚባሉ ሁለት ሴት ባሮችን ገረፈ። ያገኘው ነገር ቢኖር ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ፣ ላለመስረቅ፣ ላለማመንዘር፣ የተቀበሉትን አደራ ላለመካድ እንደሚማማሉ ነው። «ክርስቲያን አይደለንም» ያሉትን ደግሞ በሦስት ነገር ፈተናቸው፤ አማልክቱን እንዲጠሩ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ምስል ፊት ወይንና ዕጣን እንዲያቀርቡ፣ ክርስቶስንም እንዲሰድቡ። እውነተኛ ክርስቲያኖች ከእነዚህ አንዱንም በግድ እንደማያደርጉ መስማቱንም ጽፏል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ዕጣን ብቻ አልነበረም፤ የሚወዱትን ጌታ በአደባባይ መስደብም ሊጨመርበት ይችል ነበር። የሰምርኔሱ ኤጲስ ቆጶስ ፖሊካርፐስ በ155 ገደማ በስታዲየሙ ውስጥ «ክርስቶስን ስደብና ልልቀቅህ» ተባለ። መልሱን ያውቁት ይሆናል፦ «ሰማንያ ስድስት ዓመት አገለገልሁት፤ አንዳች ክፉ አላደረገብኝም። ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ?» ይህ ንግግር ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ ፖለቲካ የሚያወራ አይደለም። ሽማግሌው ውለታ ያለበት ሰው ሆኖ ነው የተናገረው። ለእኔ የሰማዕታቱን ልብ ከዚህ የበለጠ የሚገልጥ ቃል የለም።

«እግዚአብሔር የልብን ያውቃል» የሚለውን ያኔም የሚሉ ነበሩ። በአፍ መካድ አይጎዳም ብለው የሚያስተምሩ ክፍሎች ተነሥተው ነበር፤ ጠርጡሊያኖስ በቁጣ ጽፎባቸዋል። በሮማውያኑ ዘንድ ይህ ክርክር ምንም ትርጉም አልነበረውም፤ ዳኛው የሰውየውን ልብ ለማወቅ አይፈልግም፣ እጁ መሥዋዕቱን ሲያቀርብ ማየት ይበቃዋል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ክርክሩን ያልተቀበለችው ስለ ጥምቀት ከነበራት እምነት የተነሣ ነው። በሦስተኛው መቶ ዘመን ሥርዓት መሠረት ንኡሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ለመጠመቅ የሚዘጋጅ ሰው፣ እስከ ሦስት ዓመት ይማራል፤ አኗኗሩ ይመረመራል፤ ለመበለቶች ያስብ እንደ ነበር፣ ሕሙማንን ይጠይቅ እንደ ነበር ያመጡት ሰዎች ይመሰክሩለታል። ከዚያ በኋላ ነው በሰው ሁሉ ፊት ሰይጣንን ክዶ ወደ ውኃው የሚገባው። ይህ ሥርዓት «ሲኖዶስ» በሚባለው የሥርዓት መጽሐፋችን ውስጥ በግእዝ ተጠብቆ ይገኛል። ዛሬም በቤተ ክርስቲያናችን ክርስትና ሲነሣ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን መካድ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ክርስቶስን ማመን አለ። በአፉና በአካሉ ቃል የገባ ሰው በአፉና በአካሉ ክዶ «ልቤ ግን አልካደም» ማለት አይሆንለትም። «በሰው ፊት የሚክደኝን እኔም በአባቴ ፊት እክደዋለሁ» የሚለውን የጌታን ቃል በትምህርቱ ዘመን ደጋግሞ ሰምቶታል።

ገድላት ለአምልኮና ለመታነጽ የተጻፉ ስለሆኑ የታሪክ መርማሪ በጥንቃቄ ያነባቸዋል፤ ይህ ለቅዱሳኑ ያለንን ክብር አይቀንስም። ከሁሉ የሚያስደንቁኝ ግን አጫጭሮቹ የፍርድ ቤት መዝገቦች ናቸው። ሐምሌ 17 ቀን 180 በካርቴጅ ስኪሊ ከምትባል ቦታ የመጡ 12 ሰዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በአገረ ገዥው ሳቱርኒኖስ ፊት ቀረቡ። መዝገቡ በጥቂት ደቂቃ ተነቦ ያልቃል። ተከሳሾቹ በያዙት ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ ዳኛው ጠየቀ፤ ከእነርሱ አንዱ ስፔራጦስ «መጻሕፍትና የጻድቁ ሰው የጳውሎስ መልእክታት» አለ። ዶናታ የምትባል ሴት «ለቄሳር እንደ ቄሳርነቱ ክብር እንሰጣለን፤ የምንፈራው ግን እግዚአብሔርን ነው» አለች። ዳኛው 30 ቀን እንዲያስቡበት ጊዜ ሰጣቸው፤ አልተቀበሉም። ሠላሳ ቀን! የሚያስቡበትን አስቀድመው አስበው ጨርሰው ነበር። ያን ቀን አንገታቸው ተቆረጠ።

ስለ ልጆች ጠይቀዋል፤ ስለዚህ ወደ ፐርፔቱዋ ልምጣ። በዚያችው በካርቴጅ መጋቢት 7 ቀን 203 የተገደለች፣ 22 ዓመት ገደማ የሆናት፣ የትልቅ ቤት ልጅ፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን የታቀፈች እናት ናት። እስር ቤት ሆና በገዛ እጇ የጻፈችው ማስታወሻ ደርሶናል፤ በክርስትና ታሪክ ከሴት እጅ ከተረፉልን ጽሑፎች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ስትያዝ ገና ንኡሰ ክርስቲያን ነበረች፤ የተጠመቀችው ከተያዘች በኋላ ነው። ስለ እስር ቤቱ ስትጽፍ «ፈራሁ፤ እንዲህ ያለ ጨለማ ዐይቼ አላውቅም ነበርና» ትላለች። ስለ ሕፃኑ ተጨንቃ ከሰውነት ተራ ወጥታ ነበር። አባቷ ሊያስተዋት ሲመጣ «አባቴ፣ ያን ማሰሮ ያዩታል? ከሆነው ሌላ ሊባል ይችላል?» አለችው። «አይችልም» አላት። «እኔም ከሆንሁት ሌላ ልባል አልችልም፤ ክርስቲያን ነኝ።»

አባቷ ክፉ ሰው አልነበረም። እጇን እየሳመ፣ በእግሯ ሥር እየወደቀ «ለሽበቴ እዘኚልኝ፤ ካንቺ በኋላ ሊኖር የማይችለውን ልጅሽን ተመልከቺ» እያለ አለቀሰ። በችሎቱም ቀን ሕፃኑን ይዞ ቀረበ። ዳኛው ሂላሪያኖስ ራሱ ለሽማግሌው ራሪላት፣ ለሕፃኑ ራሪለት አላት። እምቢ አለች። አባቷ ሲለምናት ዳኛው በዱላ እንዲመታ አዘዘ፤ «እኔ የተመታሁ ያህል አመመኝ» ብላ ጽፋለች። ይህችን ሴት ፍቅር የሌላት ወይም በእልህ የታወረች ናት የሚል ሰው ማስታወሻዋን አላነበበም።

ታዲያ እንዴት ቻለች? ማስታወሻውን ረጋ ብለው ቢያነቡት መልሱ በትንንሽ ነገሮች ውስጥ ተቀምጧል። ጤርጥዮስና ጶምጶንዮስ የሚባሉ ሁለት ዲያቆናት ለወታደሮቹ ገንዘብ ከፍለው እስረኞቹን ለጥቂት ሰዓት ወደ ተሻለ ክፍል አስወጧቸው። እዚያ በረኃብ የደከመውን ልጇን አጠባች። ኋላም ልጁ አብሯት እስር ቤት እንዲቆይ ሲፈቀድላት «ወኅኒው ቤተ መንግሥት ሆነልኝ» አለች። መምህራቸው ሳቱሮስ ሲያዙ አብሯቸው አልነበረም፤ እነርሱ መታሰራቸውን ሲሰማ ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ። ባሪያ የነበረችው ፌሊሲታስ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ታሰረች። ሕጉ ነፍሰ ጡር መግደልን ይከለክል ስለ ነበር ከጓደኞቿ ተለይታ ኋላ ከወንበዴዎች ጋር እንዳትሞት ፈራች፤ ሁሉም ስለ እርሷ ጸለዩ፣ ምጧም መጣ። በምጥ ስትጮህ አንድ የወኅኒ ጠባቂ «አሁን እንዲህ ከሆንሽ በአውሬዎቹ ፊት ምን ልትሆኚ ነው?» አላት። «አሁን የምሠቃየው እኔ ነኝ፤ ያኔ ግን ስለ እኔ የሚሠቃይ ሌላ በውስጤ ይሆናል» ብላ መለሰችለት። የወለደቻትን ሴት ልጅ አንዲት ክርስቲያን እኅት ተቀብላ እንደ ልጇ አሳደገቻት። «ወደ ልጆቻቸው ለምን አልተመለሱም» ላሉት የመልሱ አንዱ ክፍል ይህ ነው። ልጆቹን የሚያነሣ ሰው ነበረ።

ይህ የአንድ ከተማ ልማድ ብቻ አልነበረም። የሮማ እስር ቤት እስረኛን በወጉ አይቀልብም፤ ስንቅ የሚያመላልስ ዘመድ የሌለው ሰው በረኃብ ይሞታል። በክርስቲያኖች ላይ የሚሳለቀው ጸሐፊ ሉቂያኖስ በሁለተኛው መቶ ዘመን ስለ አንድ የታሰረ ሰው ሲተርክ፣ ገና ከማለዳው መበለቶችና የሙት ልጆች በወኅኒው ደጅ ይጠብቁ እንደ ነበር፣ ሹሞቻቸው ጠባቂ በገንዘብ እያባበሉ ከእስረኛው ጋር ያድሩ እንደ ነበር፣ ከእስያ ከተሞች ሳይቀር መልእክተኞች ይመጡ እንደ ነበር ጽፏል። ሊያዋርዳቸው ብሎ የጻፈው ለእኛ ከሁሉ የጠነከረ ምስክር ሆነን፤ ጠላት ሊያመሰግን ብሎ አይዋሽምና። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በማዕድን ጉድጓድ ለተፈረደባቸው ወንድሞች ርዳታ ትልክ እንደ ነበር የቆሮንቶሱ ዲዮናስዮስ በ170 ገደማ መስክሮላታል። በ251 የሮማው ኤጲስ ቆጶስ ቆርኔሌዎስ ቤተ ክርስቲያኑ ከ1,500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችን ትመግብ እንደ ነበር ይነግረናል። በዓለም ላይ ሌላ ማንም የማያስታውሳት አንዲት መበለት በዚህ ማኅበር ውስጥ ስሟ ተጽፎ ነበር፤ ክርስቶስን መካድ ማለት ለእርሷ ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከምድርም ቤተሰብ መውጣት ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ የትንሣኤን ተስፋ ብዘለው ግን ዋናውን ነገር መዝለሌ ነው። እነዚህ ሰዎች የሞተው ሥጋቸው እንደሚነሣ ያምኑ ነበር፤ ገዳዮቻቸውም ይህን ያውቁ ነበር። በ177 በጋሊያ አገር (በዛሬዋ ፈረንሳይ) በሊዮን ከተማ ብላንዲና የምትባል ባሪያ፣ ከዘጠና ዓመት በላይ የሆነው ኤጲስ ቆጶስ ጶቲኖስና ሌሎችም በሥቃይ ከሞቱ በኋላ፣ አሳዳጆቹ ሬሳቸውን ለስድስት ቀን ያህል ሜዳ ላይ አስጥተው አቃጠሉት፤ ዐመዱንም ሮን ወንዝ ውስጥ በተኑት። «የትንሣኤ ተስፋ እንዳይኖራቸው» ብለው ነው። የጽናታቸው ምንጭ የት እንዳለ ገብቷቸው ነበርና ያን ምንጭ ለመድፈን ሞከሩ። ከዚያ ከተማ የተላከው ደብዳቤ ሌላም ነገር ይነግረናል፤ ከመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች 10 ያህሉ ክደው ነበር። የጸኑት አልፎከሩባቸውም፤ አለቀሱላቸው። ከካዱትም ብዙዎቹ በመጨረሻ ተመልሰው መስክረው ሞቱ።

ጽናትን ከድፍረት መለየት ያስፈልጋል። ስለ ፖሊካርፐስ የተጻፈው መልእክት ቆይንጦስ የሚባል የፍርግያ ሰው ማንም ሳይጠራው ራሱን ለሞት አቅርቦ፣ ሌሎችንም ገፋፍቶ፣ አውሬዎቹን ሲያይ ግን ደንግጦ ለአማልክት መሥዋዕት ማቅረቡን ይተርካልና «ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን አናመሰግንም» ይላል። ፖሊካርፐስ ግን መጀመሪያ ወደ ገጠር ሸሽቶ ነበር፤ ሲደርሱበት ለመጡት ወታደሮች ምግብ አቀረበላቸው።

የካዱትን በተመለከተ ትልቁ ማስረጃ ያለው በዳኬዎስ ዘመን ነው። በ249 መጨረሻ በወጣው ትእዛዝ የግዛቱ ነዋሪ ሁሉ ለአማልክት ሠውቶ የምስክር ወረቀት እንዲቀበል ታዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብፅ አሸዋ ውስጥ በፓፒረስ ተገኝተዋል። ቃላቸው ተመሳሳይ ነው፦ ለአማልክት ዘወትር ስሠዋ ኖሬአለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ ወይን አፍስሻለሁ፣ ሠውቻለሁ፣ ከመሥዋዕቱም ቀምሻለሁ። የአንዷ ባለቤት የግብፅ ጣዖት ካህን የነበረች ሴት ናት፤ እርሷም ሳትቀር መመስከር ነበረባት! በዚያን ጊዜ በእስክንድርያ የሆነውን ኤጲስ ቆጶሱ ዲዮናስዮስ ሲጽፍ፣ ታዋቂ ሰዎች እየገረጡና እየተንቀጠቀጡ መሥዋዕት ሊያቀርቡ ሳይሆን ራሳቸው መሥዋዕት ሊሆኑ የሚነዱ መስለው ወደ መሠዊያው እንደ ቀረቡ፣ ሕዝቡም ለመሞትም መሥዋዕት ለማቅረብም ፈሪዎች ናቸው ብሎ እንደ ሳቀባቸው ይነግረናል። በካርቴጅ ደግሞ ሕዝቡ ሳይጠራ ሮጦ ሄደ፤ መሽቶ ሹሞቹ «ነገ ኑ» ሲሏቸው ዛሬውኑ እንዲያልቅላቸው የለመኑ ነበሩ። ይህን የጻፈው ኤጲስ ቆጶሳቸው ቆጵርያኖስ ነው። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ረጅም ሰላም ሰውን አላልቶታል፣ ብዙው በሀብቱ ታስሯል፣ ጳጳሳት ሳይቀሩ መንጋቸውን ትተው ለንግድ ይዞሩ ነበር። እዚህ ላይ ነው ስለ ዝግጅት ያልሁት የሚፈተነው። በዚያችው ከተማ ከሃምሳ ዓመት በፊት ፐርፔቱዋ ጸንታለች፤ ልዩነቱ ከሕዝቡ ተፈጥሮ አልነበረም፣ ዝግጅቱ ላልቶ ነበር እንጂ።

ቆጵርያኖስ ራሱ በዚያን ጊዜ ተሸሽጎ ነበር፤ ብዙዎች ነቅፈውታል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 14 ቀን 258፣ ፍርዱ ሲነበብለት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ፣ ለገዳዩም 25 የወርቅ ሳንቲም እንዲሰጠው አዝዞ አንገቱን ሰጠ። በዚህ መካከል ግን የሠራው ሥራ ከመሞቱ የማያንስ ነው ብዬ አምናለሁ። የካዱት አብዛኞቹ ስደቱ ሲበርድ እያለቀሱ ተመለሱ። በሮማ ኖቫቲያን የሚባል ካህን በጭራሽ አይመለሱም ብሎ ተለየ። በሌላ ወገን ደግሞ ያለ ንስሐ ወዲያው ይግቡ የሚሉ ነበሩ። በ251 በካርቴጅ የተሰበሰቡት ጳጳሳት የእያንዳንዱ ጉዳይ እየታየ እንዲለይ ወሰኑ፤ ጉቦ ሰጥቶ ወረቀቱን ብቻ የገዛ፣ ለቤተሰቡ ሲል ብቻውን ሄዶ የሠዋ፣ ከብዙ ሥቃይ በኋላ የተሸነፈ፣ ሳይነኩት የሮጠ አንድ አይደሉም። በ306 የእስክንድርያው ጴጥሮስም ተመሳሳይ ቀኖና ጻፈ፤ እርሱ በ311 የተገደለውና በእኛ ዘንድ ኅዳር 29 ቀን «ተፍጻሜተ ሰማዕት» ተብሎ የሚታሰበው አባት ነው።

ከ251 ጉባኤ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስደት እየመጣ መሆኑ ሲሰማ የአፍሪካ ጳጳሳት እንደገና ተሰብስበው፣ ንስሐቸውን ያልፈጸሙትም ሳይቀሩ ንስሐ የገቡት ሁሉ ወዲያው ወደ ቁርባን እንዲመለሱ ወሰኑ። ለሮማው ቆርኔሌዎስ በጻፉት ደብዳቤ ምክንያታቸውን ገልጸዋል፦ የክርስቶስን ደም ከከለከልናቸው፣ ስለ ስሙ ደማችሁን አፍስሱ ብለን እንዴት እናስተምራቸዋለን?